የድሮ አድማጭ

«ሰርዢው አላልኩሽም፤ ማንነቱን አውጪልኝ ነው ያልኩሽ!» አለ አለቃዋ፣ ሁለት እጆቹን ጠረጴዛዋ ላይ ተክሎ። «ይሄ ‹የድሮ አድማጭ› ነኝ ባይ ከየት እንደሚጽፍ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማወቅ አለብኝ።»

«የሰው አድራሻ መፈልፈል የእኔ ሥራ አይደለም።»

«ሥራሽ ምን እንደሆነ የምነግርሽ እኔ ነኝ።»

አጠገቧ የተቀመጡት ሁለት ሪፖርተሮች ዓይናቸውን ስክሪናቸው ላይ ተክለው ጆሯቸውን ወደ እሷ አቆሙ።

ሴትዮዋ በዚህ የዜና ድረ ገጽ ላይ አንባቢዎች ከየዜናው ሥር የሚጽፉትን አስተያየት ማጣራት ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል። በቀን ከሺህ የማያንስ አስተያየት በፊቷ ያልፋል። ስድቡንና ዛቻውን ትሰርዛለች፣ የቀረውን ታሳልፋለች። የቢሮው ሰው ስሟን ትቶ «ወንፊት» ይላታል። አለቃዋ በስድስት ዓመት ያንሳታል። አንድ ዜና ስንት ጊዜ ተከፈተ ከሚለው በቀር ሌላ ጭንቀት የለውምና በሌለበት «ጠቅታ» ነው የሚባለው።

የሰሞኑ ጣጣ የተጀመረው ከአራት ቀን በፊት ነበር። አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ዜና ያነበቡለትን ሰው አሰናብቶ ንባቡን ለኮምፒውተር ድምፅ መስጠቱን ድረ ገጹ ዘገበ። ጠቅታ ከዜናው ግርጌ «ሰው ይሻላል ወይስ ማሽን? ሐሳባችሁን ጻፉልን» የሚል ጥያቄ ጨመረበት። አንባቢው መቼ ሰነፈ? በመጀመሪያው ቀን «እኚህ ሰው» ያላቸው ሁሉ በሁለተኛው ቀን «ሰውዬው» አላቸው፤ በሦስተኛው አንቱታው ጨርሶ ቀረና «አንተ ሽማግሌ» ሆኑ።

«እሰይ፣ ተገላገልን! ሳሉን ዜና እያለ ሲያነብልን ኖሮ።»

«ማሽኑ አያረጅም፣ አይነጫነጭም። ይሄ ግን ሬሳው ካልወጣ ማይኩን አልለቅም ብሎ ነበር።»

ተሰናባቹ ዜና አንባቢ የወንፊት አባት ነበሩ። ቢሮው በሙሉ ያውቃል፤ ጠቅታም ያውቃል። ለዚህም ነው ዜናው የወጣ ዕለት መጥቶ «የአባትሽ ነገር ስለሆነ እጅሽ እንዳይረዝም። ሁሉንም አያለሁ» ያላት። እሷም እጇን ሰበሰበች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳታመነታ የምትሰርዘውን ሁሉ፣ ጥርሷን ነክሳ «ይለፍ» የሚለውን እየተጫነች አሳለፈችው።

ከትናንት ወዲያ ታዲያ ከስድቡ መሃል አንድ ተከላካይ ብቅ አለ። ስሙን «የድሮ አድማጭ» ብሏል። «ማሽኑ፡በትናንቱ፡ዜና፡ዋና፡ኃላፊ፡የሚለውን፡አላልቶ፡አነበበው» ሲል ጻፈ። «ዋና፡ሲጠብቅ፡ሥልጣን፡ነው፤ሲላላ፡ውሃ፡ውስጥ፡ነው። ሰውየው፡ኃላፊ፡ናቸው፡ወይስ፡ዋናተኛ?» ሦስት መቶ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ስድስት አስተያየት ጨመረ። ስድስተኛው ላይ ግን አንዱ ነቄ አንባቢ «ጎበዝ፣ ይሄ ሰው ራሱ ሽማግሌው እንዳይሆን?» ብሎ ጠየቀ። ጠቅታ ያቺን ጥያቄ ሲያይ ፊቱ በራ።

አለቃዋ ወደ መስታወት ክፍሉ እንደተመለሰ፣ ወንፊት ጸሐፊው የገባበትን መስመር ፈልጋ አየች። የቤቷ ኢንተርኔት ነው። ማየትም አያስፈልጋትም ነበር።

የምሳ ሰዓት እስኪደርስ አልጠበቀችም። ቤቷ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ በአሥራ አምስት ደረሰች። አባቷ ወጥ ቤት ውስጥ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አንጠልጥለው፣ በአንድ ጣት ታብሌቱን ይቀጠቅጣሉ። የጻፉትን ለራሳቸው እያነበቡ ነበር፤ ያውም በዚያው በዜና ድምፃቸው። ሲያዩዋት ታብሌቱን በፊቱ ደፉት።

«ዛሬ በጊዜ መጣሽ» አሉ።

«አባባ፣ ‹የድሮ አድማጭ› እርስዎ ነዎት?»

«የምን አድማጭ?»

«በዚህ ዘመን በቃልና በቃል መሃል ሁለት ነጥብ የሚያስገባ ከእርስዎ ሌላ ማን ቀረ?»

አባቷ መነጽራቸውን አወለቁ። «ብሆንስ? ውሸት ጻፍኩ?»

«ስሙ ውሸት ነዋ! ‹ይህን ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ አቻ የለውም› ብለው ስለ ራስዎ ይጽፋሉ?»

«ሰምቼዋለሁ! ከእኔ በላይ ማን ሰማው?»

በደህናው ቀን ቢሆን ሳቅ ያመልጣት ነበር። «አለቃዬ ጠርጥሯል» አለች። «ዛሬውኑ ዜና ሊያደርግዎት ነው። ሽማግሌው በሐሰት ስም ራሱን ሲያሞግስ ተያዘ ሊል ነው።»

«ይበላ! አንቺን ምን ቸገረሽ? የምታሳልፊው አንቺው አይደለሽ?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

አባቷ ታብሌቱን ገለበጡ፤ በጣታቸው ወደ ታች ገፋ ገፋ አደረጉና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እያንዳንዱን ቃል በቦታው እያሳረፉ አነበቡላት። «‹ሐኪሞቹ ጉሮሮውን የከፈቱት ጊዜ ምነው ምላሱንም አብረው ባወጡለት።›» ቀና አሉ። «ይህ ነገር ሕዝብ ፊት ከመውጣቱ በፊት በማን እጅ ነው የሚያልፈው?»

ወንፊት ታብሌቱን ልትወስድባቸው እጇን ዘረጋች፤ አልሰጧትም።

«በማን እጅ?»

«በእኔ።»

«ያኔ ጉሮሮዬን ታምሜ ሆስፒታል ስተኛ፣ አሥራ ሦስት ሌሊት ወንበር ላይ ተኮራምታ ያደረችው ማን ነበረች?»

«ብሰርዘው ለአባቷ አደላች ይሉኛል! ቢሮው በሙሉ እጄን እያየ ነው፣ አባባ። እንጀራዬ ነው።»

«ባለፈው ወር ያንን ኳስ ተጫዋች ሲያዋርዱት፣ ‹ስሰርዝ ውዬ እጄ ዛለ› ብለሽ እዚሁ ተቀምጠሽ ነግረሽኛል። ለማታውቂው ሰው የዛለ እጅ የእኔ ጊዜ ምን ያዘው?»

ንዴቷ ባሰባት። «እርስዎም እኮ ቤቴ ውስጥ ተቀምጠው፣ በገዛ መስመሬ፣ ከሥራ የሚያስባርረኝን ነገር ሲጽፉ አንድ ቃል አልነገሩኝም!»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» አባቷ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። «የሰማኝ ሁሉ ይነሳልኝ አላልኩም። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ‹ኧረ ነውር ነው› ይላል ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ይህችን ዕቃ አፍጥጬ ጠበቅኩ። የሚነሳ ጠፋ። ጠፋና እኔው ተነሳሁ።» ድምፃቸው ሻከረ፣ ሳል ያዛቸው። ውሃ ልትቀዳላቸው ስትዞር እጃቸውን አወናጨፉባት። «ተዪው! ሂጂ፣ ሥራሽ ይረፍድብሻል።»

ምሳ ሳትቀምስ ወጣች። መንገዱ ላይ እስካለው መድኃኒት ቤት ድረስ በልቧ ተሟገተቻቸው። እልኸኛ ሽማግሌ፤ ዕድሜ ልኩን የሰው ወሬ ሲያነብ ኖሮ የራሱን መስማት ያቃተው። መድኃኒት ቤቱን ስታልፍ ግን ያ ስለ ጉሮሮ የተጻፈ ነገር መጀመሪያ የመጣበት ሰዓት ድቅን አለባት። ጣቷ «ይሰረዝ» ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ ወደ መስታወቱ ክፍል አየች፤ ጠቅታ ጀርባውን ሰጥቶ ስልክ ያወራል። ማንም አላያትም ነበር። ማንም ሳያያት ነው ጣቷን ያነሳችው።

ስትመለስ ጠቅታ ጠረጴዛዋ ጋ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ርዕሱን ጨርሻለሁ» አለ። «ከአንቺ የምፈልገው አንድ ቃል ነው። እሱ ነው ወይስ አይደለም?»

«ስድቡስ? እንዳለ ይቀመጣል?»

«ስድቡማ ዋናው ነገር ነው! ሰዉ የሚገባው እሱን ሊያነብ አይደል? እንዳትነኪው።»

«በሰው ሕመም መዘባበት ይሰረዛል የሚለውን ደንብ አብረን ነው የጻፍነው።»

«ያኔ አባትሽ አልነበረበትም።»

«አዎ» አለች ወንፊት። «አባቴ ስላልነበረበት እሰርዝ ነበር።»

ጠቅታ ነገሩ አልገባውም፤ እንዲገባውም አልፈለገም። «አሥር ደቂቃ ሰጥቼሻለሁ» ብሎ ሄደ።

ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና ገጹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ከፈተችው። ስለ ሬሳ የተጻፈውን ሰረዘች። ስለ ጉሮሮው የተጻፈውን ሰረዘች። «ድምፁ ይሰለቸኛል» የሚለውን ተወችው፤ መሰልቸት መብት ነው። «ማሽኑ በብዙ እጥፍ ይሻላል» የሚለውንም ተወችው። አጠገቧ ያለው ሪፖርተር አንገቱን አስግጎ አየና «ኧረ ተይ፣ ያይሻል» ሲል አንሾካሾከ። «ይየኝ» አለችው። ስልሳ አራት ሰረዘች።

ከዚያ የድሮ አድማጭ ላይ ደረሰች። ስድቦቹ ላይ ያልቆመ እጇ እዚህ ቆመ። ሰባቱንም አንድ በአንድ አነበበች። ከሁለት ሺህ አስተያየት መሃል ስለ ንባብ የተጻፉት እነዚህ ብቻ ነበሩ፤ ስህተት የለባቸውም። ግን ደንቡ ሌላ ሰው መስሎ ስለ ራስ መጻፍ ክልክል ነው ይላል። ዋናተኛው ላይ ስትደርስ ከንፈሯን ነከሰች። ሰባቱንም ሰረዘቻቸው።

ባዶው የአስተያየት ሳጥን ከገጹ ግርጌ ይጠብቃል። በአራት ዓመት ውስጥ የሰው ሐሳብ ስታጣራ እንጂ የራሷን ጽፋ አታውቅም፤ ለሠራተኛ አይፈቀድም።

«ስድቦቹን ዛሬ የሰረዝኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች። «በመጀመሪያው ቀን መሰረዝ ሲገባኝ ፈርቼ አሳልፌያቸዋለሁ። የድሮ አድማጭ አባቴ ነበሩ። ሌላ ሰው መስለው ስለ ራሳቸው ስለጻፉ የእሳቸውንም ሰርዤዋለሁ። ስለ ንባቡ ያሉት ግን ልክ ነው። ጥያቄ ያለው እኔን ይጠይቅ።»

ሳጥኑ ስም ጠየቃት። ብዙው ሰው እዚህ ቦታ ላይ የመጣለትን ይጽፋል፤ «አንባቢ»፣ «ታዛቢ»፣ «እውነቱ»። እሷ ስሟን ጻፈች። ትንሽ ቆየችና የአባቷን ስም አስከትላ ሙሉ አደረገችው። ላከችው።

አስተያየቱ እንደማንኛውም አስተያየት ዞሮ እሷው ፊት መጥቶ ተሰለፈ። የመስታወቱ በር በኃይል ተከፈተ።

«ማነው ገጹን የነካው?» ጠቅታ ከወዲያ ጮኸ። «ወንፊት!»

ወንፊት ዞር አላለችም። የጻፈችውን አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበችና «ይለፍ» የሚለውን ተጫነች።