ከእንፋሎት ጎጆው ጀርባ

ፓስኳላ ካስማውን ነቅላ ጣለችው።

«እትዬ፣ ምነው? አሁን እኮ ነው ለጉድጓዱ ምልክት የተከልኩት!» አለ ኤልሜር። ከከተማ የመጡት በጎ ፈቃደኞች አለቃ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ለመንደሩ ሰዎች ሽንት ቤት ሲቆፍሩ ሰንብተዋል። ዛሬ ተራው የፓስኳላ ቤት ነው፤ ነገ ወደ ሌላ መንደር ይሻገራሉ።

«እዚህ ጋ ሥሩ ድንጋይ ነው፤» አለች።

ኤልሜር ድጅኖውን አንስቶ ሰካው። እስከ ግማሹ ሰተት ብሎ ገባ።

«ድንጋዩ ቀለጠ እንዴ?» ሲል ጓደኞቹ ሳቁ።

ፓስኳላ ፊቷ በሀፍረት ጋለ። ከእንፋሎት መታጠቢያዋ ጎጆ ጀርባ ያለችው ይህች ቁራሽ መሬት የሦስት ልጆቿ እንግዴ ልጅ የተቀበረባት ናት። የወሊድ ነገር ደግሞ በወንድ ፊት፣ ያውም በእንግዳ ፊት፣ አይወራም። ሽንት ቤቱ ግን የግድ ያስፈልጋታል። አማቷ እማማ ሴባስቲያና ባለፈው ክረምት ለመጸዳዳት ወደ ጫካ ሲወርዱ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰብሯል፤ ከዚያ ወዲህ አዝላ የምታመላልሳቸው እሷ ናት። ደክሟታል።

«ከውሃ ጉድጓዱ መራቅ አለበት፤» አለ ኤልሜር። «ወይ እዚህ፣ ወይ በቆሎው ውስጥ።»

«በቆሎዬማ አይነካም!» አለ ባሏ ጋስፓር ገጀራውን እንደያዘ። «ገና አሁን እሸት መያዙ ነው። አንቺ ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? ልጁ ያለሽን አትሰሚም?»

ፓስኳላ የጣለችውን ካስማ ከመሬት አነሳች።

«ተዋት!» አሉ እማማ ሴባስቲያና በሩ ላይ እንደተቀመጡ። መንደሩን ሁሉ ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፤ ማፈሩን ከተዉት ቆይተዋል። «የልጆችህን እንግዴ ልጅ እዚያ የቀበርኩት እኔ ነኝ። የሦስቱንም።»

ወጣቶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ኤልሜር ድጅኖውን ቀስ አድርጎ ነቀለ።

«ይቅርታ፣ እትዬ። የኔንም አያቴ እንዲሁ ነው የቀበረችው። መጠየቅ ነበረብኝ።»

«እና በቆሎዬስ?» አለ ጋስፓር፤ ድምፁ ግን ቀንሷል።

«ያንተም እንግዴ ልጅ እኮ እዚያው ነው ያለው፤» አሉት እናቱ።

ጋስፓር ዞሮ መሬቷን አያት። ፓስኳላ የቀሩትንም ካስማዎች ነቅላ ሰብስባ ወደ በቆሎው ገባች፤ ጥሩ ፍሬ የያዙትን ረድፎች አልፋ ዳር ላይ ተከለቻቸው። ጋስፓር ተከተላት። ባርኔጣውን አወለቀና አባቱ ያደርግ እንደነበረው መጀመሪያ በቆሎውን ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ የመጀመሪያውን አገዳ ራሱ ቆረጠ።