የሚያጓራው የውሃ ማፍያ

ባለቤቴ አዛናው የትራክተር መካኒክ ነው። ከገንዳ ውሃ ከተማ እስከ አብደራፊ ድረስ፣ ሞተር የቆመበት ባለ እርሻ ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም፤ ጣጣችን የመጣው ከዚሁ ሙያው ስለሆነ ነው።

ባለፈው ክረምት መተማ ላይ ኮሌራ ገባ ተባለ። ወሬውን የሰማሁ ዕለት የሦስት ዓመት ልጄን የትናየትን በሐሳቤ ቀብሬ፣ ድንኳን አስጥዬ ጨርሼ ነበር። ለልጅ ያልፈላ ውሃ አትስጡ ሲባል፣ አዛናው ሻይ ቤቱን ከዘጋ ሰው ላይ አሮጌ የውሃ ማፍያ ገዝቶ መጣ። በጋዝ የሚሠራ ትልቅ ጋን መሳይ ነገር ነው፤ እኛ አንቡባ ከምንለው የጋዝ ሲሊንደር ጋር በቱቦ ይገናኛል። ውጭ ዝናብ ስለሆነ ሳሎን ውስጥ፣ ከልጄ አልጋ አራት እርምጃ ርቆ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ደህና ሠራ። ከዚያ አዛናው የአንቡባው ራስ ላይ ያለው ላስቲክ አርጅቷል ብሎ፣ ከትራክተር ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪ ከሚባለው፣ ክብ አድርጎ ቆረጠና ገጠመለት። ለትራክተር ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ይሠራለትማል። ማፍያው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሕርዩ ተለወጠ። ክብሪት ሲነካው ዷ! ብሎ ይነሣል፣ ከዚያ እንደ በሬ ያጓራል፤ ከአንቡባው ራስ ደግሞ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ቤቱ የበሰበሰ ሽንኩርት መሽተት ጀመረ።

«አዛናው፣ ይኸ ነገር ያፈሳል» አልሁት።

«ሞተር ይጮኻል። ትራክተር ሲነሣ ስንት ቤት ይሰማል?»

«ትራክተር አልጋ ሥር ያስነሣ ሰው አይተሃል?»

እናቱ እማማ አሰበች ከተቀመጡበት ሳቁ። «አንች ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ቤቱ ፈረሰ የምትይ ነሽ! የልጄን እጅ አገር ያውቀዋል።»

ሳምንት ሙሉ ለመንሁ። ሳምንት ሙሉ ሳቁብኝ። እሺ፣ ፈሪ ነኝ፤ አልክድም። ፈሪ ሰው ግን አፍንጫ የለውም ያለው ማን ነው?

ጋዝ ወደሚሸጥልን ወደ ሙሐመድጣሂር ሱቅ ሄድሁ። ሽታውን ስነግረው እሱ አልሳቀም። «ሳሙና በጥብጠሽ የአንቡባው ራስ ላይ ቀቢው። አረፋ ከነፋ ያፈሳል። ክብሪት ግን እንዳታስጠጊ፣ እህቴ» አለኝ።

ቤት ገብቼ በር መስኮቱን ከፈትሁ፤ የአንቡባውን መክፈቻ ለቀቅ አድርጌ ራሱን በሳሙና ቀባሁት። የላስቲኩ ዳር ላይ አንዲት አረፋ እንደ ዓይን ወጣች፣ አበጠች፣ ፈነዳች። ሌላ ተተካች። ጮኼ አዛናውን ጠራሁት።

ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ሳሙና በጥብጠሽ አረፋ ሲወጣ ገረመሽ? ቅቤ ይወጣል ብለሽ ነበር?» አለ። እናቱ በሳቅ አለቀሱ። እሱም ውሃ ሊያፈላ ክብሪቱን ከኪሱ አወጣ።

ደሜ ፈላ። የትናየትን ከአልጋዋ አንሥቼ እቅፉ ውስጥ አኖርኋት። «በል፣ እሷን ይዘህ ለኩስ። እኔና እማማ ውጭ እንቆያለን።»

ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥሁ። ቢለኩሰውስ? ልጄን ልነጥቀው እጄን ዘረጋሁ። ልጅቱ ክብሪቱን ልትቀበለው እየተንጠራራች ትስቃለች። አዛናው ልጅቱን አየ፤ አንቡባውን አየ። አረፋው ሌላ ዓይን አበቀለ።

«አዛናው!» አሉ እናቱ። ሳቃቸው የለም። «ተው ልጄ፣ ልጅቱን አምጣት።»

«ምንም የለውም ሲሉ አልነበር እንዴ እማማ?» አልኋቸው።

አዛናው የትናየትን ለእማማ አቀበለና አንቡባውን ዘጋ። ውጭ አውጥቶ በመፍቻ ሲፈታው፣ ያ የከመነዳሪ ላስቲክ አብጦ፣ እንደ ታኘከ ማስቲካ ልሞ፣ በአንድ ጎኑ ተሰንጥቆ ወጣ።

«ናፍጣ ሲችል ጊዜ ጋዝም የሚችል መስሎኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መስሎኝ! በሰው ትራክተር ላይ አንድ ብሎን ላልቶ ቢያይ እርሻ የሚያስቆም ሰው፣ በልጁ አልጋ አጠገብ ‹መስሎኝ› ይላል። ልጄን ከአያቷ ተቀብዬ ግቢው ዳር ድረስ ሄድሁና ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆምሁ።

ሙሐመድጣሂር ለጋዝ የተሠራውን ላስቲክና አዲስ ቱቦ ሰጠን። ማታውን ጎረቤታችን መጂዳ ስትመጣ አዛናው፣ «ላስቲኩ መበላሸቱን ደረስሁበት» ሲላት ሰማሁ።

«ማን ነው የደረሰው?» አልሁ ከጓዳ።

እማማ አሰበች ቀደሙኝ። «እሷ ናት የደረሰችበት። አንተና እኔማ ስንስቅ ነበር።»

ይህን በማለታቸው አመሰግናቸዋለሁ። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም።

ማፍያው አሁን ከቤት ወጥቶ ግቢው ውስጥ ካለ ዳስ ሥር ነው። አዛናው ሊለኩሰው በተነሣ ቁጥር ልጄን አዝዬ ከግቢ እወጣለሁ። «አንች ሴትዮ፣ አሁንማ ተሠርቷል!» ይለኛል።

ያኔም ተሠርቷል ብሎኝ ነበር።