የክፉ ቀን ልኬት

አማቿ የፕላስቲክ ማኅደር ገዝቶ የገባ ዕለት እትዬ መርፌ ነገሩ እንደማያምር ገብቷታል። ሌላው ወንድ ሲደነግጥ ወይ ይጠጣል ወይ ይጸልያል፤ ይኼኛው ሠንጠረዥ ያሰምራል። መሥሪያ ቤቱ ከሥራ የሚቀነሱ ሰዎችን ዝርዝር አውጥቶ ነበር። የሱ ስም የለበትም። ቢሆንም ከዚያን ቀን ወዲህ ፊቱ በበረኪና እንደታጠበ ጨርቅ ነጥቶ ቀረ። በአራት እሑድ አራት ስብሰባ ጠራ። ተሰብሳቢዎቹ እሱና ሚስቱ ናቸው፤ ሚስቱ የእትዬ መርፌ ልጅ፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት። እትዬ መርፌማ ስብሰባው ላይ የተገኘችው መኪናዋ ሳሎን ውስጥ ስለሆነ ነው እንጂ ማን ጠርቷት!

መኪና ማለት የልብስ ስፌት መኪናዋ ነው። በእግር የሚረገጥ፣ ፔዳሉ በአርባ ዓመት ርግጫ የተበላ። ባሏ የሞተ ዓመት የገዛችው ነው፤ ልጇን ያስተማረችውም የዳረችውም በሱ ነው። እትዬ መርፌ ፊደል አልቆጠረችም። ቁጥር ግን አንገቷ ላይ ከሚንጠለጠለው ቢጫ ሜትር ተምራለች፤ እስከ መቶ ኀምሳ ድረስ የሚያታልላት የለም፣ ከዚያ በላይ ያለውንም ሜትሩን ደጋግማ ትደርስበታለች።

«የቤታችን የወር ወጪ ስልሳ ሺህ ነው» አለ አማቿ በአራተኛው እሑድ፣ እስክሪብቶውን ቀስሮ። «ለክፉ ቀን የስድስት ወር መቀመጥ አለበት። ሦስት መቶ ስልሳ ሺህ ማለት ነው። ባንክ ያለን ሰባ ሺህ።»

«ስድስት ወር ያለህ ማነው?» አለች እትዬ መርፌ ክር እየበጠሰች።

«ባለሙያ ናቸው እማማ፣ ራዲዮ ላይ የሰማሁት።»

«ራዲዮው ቤታችንን መቼ አየውና! እስቲ ስልሳውን ሺህ የሚበላው ማነው? አንብብልኝ።»

አነበበ። ኪራይ አሥራ ሁለት ሺህ። ምግብ፣ መብራት፣ ታክሲ፣ ዘመድ ሲጋበዝ፣ ሚስቱ ፀጉር ስትሠራ፣ እሱ ኳስ ሲያይ። መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልዩ ልዩ፣ አሥራ አራት ሺህ» አለ።

«ልዩ ልዩ ደግሞ ማነው?»

«ሰው አይደለም እማማ። ትንንሽ ወጪዎች ናቸው።»

«ከኪራዩ የሚበልጥ ትንሽ! ከተወለድኩ እንዲህ ያለ ትንሽ አላየሁም።»

ልጇ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። አማቿ ግን ገጹን ገለጠ። እዚያ የተጻፈውን ሲያነብ አይኑን ከወረቀቱ አላነሳም፤ ማንሳት ፈርቶ ነው። «ጉድለቱን መሙላት ለመጀመር… ሥራ ላይ ያልዋለ ንብረት ይሸጣል። መንገዱ ጥግ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ለመኪናው ሃያ ሺህ ሰጥቷል። ቅዳሜ ጋሪ ይዞ ይመጣል።»

እትዬ መርፌ እግሯን ከፔዳሉ አላነሳችም። ልጇን አየቻት። ልጇ ጥፍሯን ታያለች።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«እማዬ፣ አሁንማ አረፍ በይ ብለን ነው እኮ…»

«አረፍ በይ! ሬሳ ነው የሚያርፈው።» ከዚያ ወደ አማቿ ዞረች። «ስማ አንተ ባለ ሠንጠረዥ። እኔ ሰው ስለካ ካፖርቱን አስወልቄ ነው። አንተ ቤትህን ካፖርት ደርበህለት፣ ምሳ አብልተህ፣ ሆዱን አስነፍተህ ለካኸው። የክፉ ቀን ልብስ የሚለካው ሰው ከስቶ ነው! ደመወዝህ የቀረ ቀን ኳስ ልታይ ነው? ዘመድ ልትጋብዝ ነው? ደመወዝ የሌለው ሰው ዘመድም የለው።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?» አለ፣ ኩርፊያውን ውጦ።

«ከነገ እስከ ዓርብ ደመወዝ እንደቀረ እንኑር። ወጪው ወረቀትህ እንዳለው ከሆነ፣ መኪናዬን ራሴ ጋሪው ላይ አወጣልሃለሁ። ካልሆነ ግን ሁለተኛ ስሙን አታንሣ።»

አማቿ እሺ አለ። «ጥናት ነው» አለ ለሚስቱ፤ ጥናት ከተባለማ ገደልም ቢሆን ይገባል።

እትዬ መርፌ ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ ግድግዳው ላይ ቸነከረችው። አንዷ ሴንቲ መቶ ብር ናት። አንድ ነገር በተገዛ ቁጥር ድምሩ የደረሰበት ላይ መርፌ ይሰካል። ሰኞ ምስር፣ ሽንኩርት፣ ዘይትና ዳቦ ተገዛ። ማክሰኞ ድንችና ሳሙና። ጸሐፊዋ ፀጉሯን ራሷ ጎነጎነችው፤ እናቷ እንዳየችው ከወትሮው የተሻለ አማረባት፣ ግን አልነገረቻትም፤ ማክሰኞ ገና ነው ለሙገሳ።

አማቿ በእግሩ ሄደ፣ በእግሩ ተመለሰ። ረቡዕ ማታ ሱሪው መቀመጫው ላይ ተተርትሮ ገባ። እግር እንጂ ሱሪ መሄድ አልለመደም ብሎ አሳበበ። እትዬ መርፌ ሱሪውን ተቀብላ እንደ ወጉ አስቀድማ ኪሱን አራገፈች፤ ያላራገፉት ኪስ መርፌ ይሰብራል። የተጨማደደ ደረሰኝ ወደቀ። ፊደሉን ተወችው፣ ቁጥሩን አየች።

«አራት መቶ ሰማንያ። ምንድነው?»

አማቿ ጣሪያውን አየ። «ኬክ… እና ጭማቂ።»

«ለማን?»

«ለራሴ። ደክሞኝ ነበር እማማ።»

«የቻልከው ሁለት ቀን ተኩል ብቻ! ክፉ ቀን መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ አንተ ኬክ ቤት ነህ ማለት ነው። እንኳን ስድስት ወር፣ ስድስት ዓመት ብታስቀምጥ አንተን አይችልህም።» ተነሥታ ሜትሩ ላይ ትልቁን መርፌ፣ የፍራሽ መስፊያውን ሰካችለት፤ ሲወጣ ሲገባ እንዲያየው።

በሳምንቱ ውስጥ መኪናው አልቦዘነም። የጽዳት ሠራተኛዋ የደንብ ልብስ፣ የፀጉር ቆራጩ ሽርጥ፣ ዚፓቸው የለቀቀ አምስት ሱሪዎች። ዘጠኝ መቶ ገባ። ሥራ ላይ ያልዋለ ንብረት አለ ያ ወሬኛ ወረቀት!

ዓርብ ከሥራ ሲመለሱ ሦስቱም ሜትሩ ሥር ቆሙ። የኬኩ ሳይቆጠር የመጨረሻው መርፌ ሠላሳ ላይ ነው። ሦስት ሺህ በሳምንት። እትዬ መርፌ ደረቷን ነፋች። አማቿ ግን አንገቱን አስግጎ መርፌዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ ተከተላቸው፤ ዝርዝር ሲያይ መቼም ነፍሱ ነው።

«እማማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የደም ግፊት መድኃኒትዎ የቱ ጋ ነው የተሰካው?»

እትዬ መርፌ ወደ መኪናዋ ሰረቅ አድርጋ አየች። ልጇ ሮጣ ከመኪናው መሳቢያ ብልቃጡን አወጣችው። ባዶ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እማዬ?»

«ማክሰኞ አለቀ። ክፉ ቀን ነው አላልንም እንዴ?»

«ራስሽን ቀንሰሽ ነው የለካሽው!» ልጇ ጮኸች፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። «በልብ ድካም ብትወድቂ ሜትርሽ ይከፍላል?»

እትዬ መርፌ ብልቃጡን ከልጇ እጅ ነጠቀች። ሙሉ ሳምንት ያላገጠችበት ሰው ያልታያትን ቀዳዳ አሳያት፤ ኬክ በላተኛው! ይኼ ነው ያንገበገባት። አማቿ ግን አላላገጠባትም። ጫማውን አጥልቆ፣ ማኅደሩን ሳይዝ፣ መድኃኒት ቤት ሊዘጋ ነው እያለ ወጣ። ሲመለስ ብልቃጡን ከውኃ ጋር ሰጣት። ዋጠች። «ለሩጫ እንኳ ትሆናለህ» አለችው፤ ከሷ አፍ ይኼም ምርቃት ነው።

ቅዳሜ ልብስ ሰፊው ጋሪውን በር ላይ አቁሞ ገባ። እትዬ መርፌ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፤ ፔዳሉን እየረገጠች እንደሌለ ሰው ቆጠረችው። ሁሉም አማቿን አየ።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ አማቿ፣ ጆሮው ቀልቶ። «አይሸጥም።»

«ቃል ገብተህ የለ እንዴ?»

«ስለካው ሸሚዝ አላስወለቅሁትም ነበር።»

ልብስ ሰፊው ነገሩ ሳይገባው ጋሪውን እያንቋቋ ሄደ። «ካፖርት ነው ያልኩት» አለችው እትዬ መርፌ አማቿን ከኋላው። «ቃሌን ለመስረቅም ቢሆን አስተካክለህ ስረቅ።»

ከዚያ ማኅደሩ ተዘረጋ። የከሳ ቤት በወር፣ ኪራይ አሥራ ሁለት ሺህ፣ ሌላው አሥራ ሁለት ሺህ፣ መድኃኒቱ አንድ ሺህ።

«ስንት ወር ይሁን?» አለ አማቿ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀ።

«እጄ የተሰበረ ዓመት ከመኪናዬ የራቅሁት አራት ወር ነው። ከዚያ የከፋ አላየሁም። አራት ይሁን።»

«መቶ ሺህ። ሠላሳ ሺህ ነው የሚጎድለን።»

«ከዚያ ከልዩ ልዩህ ሆድ አውጣው። በሦስት ወር ይሞላል፣ ኬክ ካልቀደመው።»

ጻፈ። መድኃኒቱ ጋ ሲደርስ ቀና አለ። «እማማ፣ ይቺን ልዩ ልዩ ውስጥ ላስገባት?»

መኪናው ቆመ።

«በስሟ ጻፋት» አለች እትዬ መርፌ። «እኔ ልዩ ልዩ አይደለሁም።»