የክትባት ካርድ

ሮሐ የቆርቆሮውን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ ሽታው ከውሾቹ ጩኸት ቀድሞ ፊቷ ላይ መጣ። የሽንት፣ የበሰበሰ አንጀትና የረጠበ ጭድ ሽታ ነው። ሻርፗን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አድርጋ ባለችበት ቆመች። ከኋላዋ ያለው በእውቀቱ ጀርባዋን በስሱ ነካ አድርጎ፣ ውሻ ያለበት ግቢ ሁሉ እንዲህ እንደሆነ፣ ትንሽ ስትቆይ እንደምትለምደው ነገራት።

ግቢው ከአሰላ ወደ ሳጉሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ ድሮ የዶሮ እርባታ የነበረ ቦታ ነው። ዶሮዎቹ ከተሸጡ ቆይተዋል፤ የሽቦ ቤቶቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ሊበን የሚባል ሰው ተከራይቶት በዚያው በዶሮዎቹ ሽቦ ውስጥ የውጭ ዘር እያለ ውሻ ያራባበታል።

ሮሐ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ናት። በእውቀቱ እጮኛዋ ነው፤ የእንስሳት ሐኪም ሲሆን የራሱ ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለው። ያቀራረባቸው ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ ነው። አንድ ሰው ትንሽ ዕቃ ድንጋይ ሥር ወይም የዛፍ ሥር ይደብቅና ቦታውን በኢንተርኔት ያሳውቃል። ሌላው በስልኩ እየተመራ ሄዶ ይፈልገዋል፤ ሲያገኘው ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ስሙን ጽፎ እንደነበረ ይመልሰዋል። ሽልማት የለውም። በአርሲ ምድር የተደበቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹንም የደበቁት እነሱው ናቸው፤ አንዱን ጭላሎ ተራራ ላይ፣ አንዱን ከዴራ በላይ ካለው ገደል አፋፍ፣ ሌላውን የገብስ ማሳ ዳር ካለ የድንጋይ ካብ ውስጥ። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ገበሬ እነሱ ወርቅ የጠፋባቸው መስሏቸው አዝነው አንድ ሰዓት ሙሉ አብረዋቸው ፈልገዋል። የተገኘው የፕላስቲክ ዕቃና የእርሳስ ቁራጭ መሆኑን ሲያዩ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ።

ባለፈው ወር በእውቀቱ ሲሬ ላይ ሁለተኛ መድኃኒት ቤት ከፈተና ቅዳሜና እሁዱን እዚያ ያሳልፍ ጀመር። ሮሐ ብቻዋን ጭላሎ ወጣች። ሁለት የማታውቃቸው ወንዶች ከኋላዋ ተከተሏት፤ ስትቆም ይቆማሉ፣ ስትሄድ ይሄዳሉ። ምንም አላደረጓትም። እሷ ግን ስልኳን ኪሷ ከትታ እየሮጠች ወረደች፤ ከዚያ ወዲህ አልወጣችም። ውሻ ያዢ ያላት በእውቀቱ ነው።

ሦስት ሳምንት ስለ ውሻ ዘር ስታነብ ከረመች። ጀርመን ሼፐርድ ደፋርና ታዛዥ ነው፤ ግን ዳሌው ይታመማል፣ ዳገትና ቁልቁለት አይበጀውም። ላብራዶር ሰው ይወዳል፤ ነገር ግን ያገኘውን ሁሉ ስለሚበላ የተደበቀውንም ዕቃ ከነደብተሩ ያኝከዋል ብላ ሰጋች። ቦርደር ኮሊ አይደክመውም፤ ችግሩ የበግ እረኛ ዘር ነው፤ ከአሰላ እስከ ተራራው ያለውን በግ ሁሉ ሰብስቦ ባለቤቶቹን በዱላ ያስመጣባታል። እሷ የፈለገችው ብርድ የሚችል፣ ሚኒባስ ውስጥ እግሯ ሥር የሚተኛ፣ በግ ዞር ብሎ የማያይ ውሻ ነው። የሀበሻ ውሻስ ብላ ስትጠይቀው በእውቀቱ ሳቀባት። ሊበን የሚያምነው ሰው መሆኑን፣ ከእሱ ዘንድ ሄደው አይታ እንድትመርጥ ነገራት።

ሊበን ነጭ ስኒከርና የቆዳ ጃኬት ለብሶ ወጣ። ሽቶ ተቀብቷል፤ ሽቶው ከግቢው ሽታ ጋር ሲቀላቀል የባሰ ሆነ። ከበእውቀቱ ጋር ተቃቅፈው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ በኦሮምኛ ቤተሰቡን ጠየቀው። እሷን "እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ" አላትና እየመራ ወሰዳቸው።

መጀመሪያ ያየችው በርሜሉን ነው። ከቄራ የመጣ አንጀት ተቀቅሎበት ቀዝቅዟል፤ ላዩ ላይ ነጭ ስብ ረግቶ ዝንብ እንደ ጤፍ ተነስንሶበታል። ከበርሜሉ አጠገብ ባለው ሽቦ ውስጥ አንዲት ውሻ ተኝታለች። ቤቱ ጠቧት አንገቷን አጥፋለች። ጡቶቿ ተጎትተው መሬት ነክተዋል፤ አንዱ ተልጦ መግል ይዟል። ቡችሎቿ በዚያው ላይ ተንጠልጥለዋል። ውሻዋ ሰው ሲመጣ ቀና እንኳ አላለችም።

ሊበን ሦስት ቡችሎች አንድ በአንድ በቆዳቸው አንጠልጥሎ አሳያት። ጥቁሮቹ ዶበርማን፣ ቡናማው ላብራዶር ነው አለ። ሮሐ ግራ ተጋብታ ቡችሎቹንና እናቲቱን አየች። ሦስቱም ከአንድ ጡት ነው የተነሱት። ይህን ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ እንኳ ማስረዳት አያስፈልግም። ጥቁሮቹ ጆሯቸው ተቆርጦ በጥቁር ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ዙሪያ ደርቆ የተሰነጠቀ ቢጫ ነገር አለ።

"ጆሯቸውን ማን ነው የቆረጠው?" አለች።

ሊበን ጥያቄው አስደስቶት ወደ በእውቀቱ ዞረ። "ዶክተር ናቸዋ። እጃቸው ወርቅ ነው። ጆሮው ካልቆመ ማን ዶበርማን ነው ብሎ ይገዛል?"

በእውቀቱ በማደንዘዣ የሚደረግ ቀላል ነገር እንደሆነ፣ በውጭ አገርም የተለመደ እንደሆነ ቶሎ ቶሎ አስረዳት። ከኪሱ ትንሽ የአልኮል ጠርሙስ አውጥቶ እጁን አሸት አሸት አደረገ። አንድም ውሻ አልነካም ነበር።

ሊበን የትኛውን እንደመረጠች ጠየቃት። ሮሐ ቡናማውን ተቀብላ ያዘችው። ሆዱ እንደ ኳስ ተነፍቷል፤ ከጅራቱ ሥር አንድ ነጭ ትል ሲንቀሳቀስ አየች። ቡችላውን መለሰችለትና መከተብ አለመከተቡን ጠየቀችው።

"እኛ ያለ ካርድ አንሸጥም፤ ይምጡ ላሳይዎት" አላት ሊበን።

ሊበን ቢሮ የሚለው አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ያለበት ክፍል ነው። አንደኛው ወንበር ላይ ወይዘሮ ከበደች የተባሉ ከሳጉሬ የመጡ ሴት ቡችላ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሌባ በሌሊት ሁለት በግ እንደወሰደባቸው፣ ቤት ውስጥ ያሉት እሳቸውና ሁለት ትንንሽ የልጅ ልጆቻቸው ብቻ መሆናቸውን ለሊበን ይነግሩት ጀመር። ቡችላው አውራ ጣታቸውን እየላሰ ይጠባል። ጣታቸው ላይ ድንች ሲልጡ ቢላ የቆረጣቸው ቁስል ነበር፤ ገና አልደረቀም።

ሊበን መሳቢያውን ሳበ። በላስቲክ የታሰረ የቢጫ ካርድ ጥቅል አወጣና ለወይዘሮ ከበደች ቡችላ አንዱን መዘዘ። ሮሐ ከኋላው ቆማ ነበር። ካርዱ ላይ የውሻ ስም የለም፣ ዕድሜ የለም፣ ክትባት የተሰጠበት ቀን የለም። ከታች ግን ማኅተም ተመትቶበት ተፈርሞበታል። ሊበን እየተጨዋወተ "ዶበርማን፣ ወንድ" ብሎ ጻፈ፤ ቀኑን ወደ ኋላ መልሶ ከሁለት ሳምንት በፊት አደረገው። ለወይዘሮ ከበደችም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማለት ይህ ነው ብሎ በጣቱ አሳያቸው።

ፊርማውን ታውቀዋለች። በየድንጋዩ ሥር ባሉት ደብተሮች ላይ ከስሟ ጎን ያለው ፊርማ ነው።

ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ በእውቀቱ ደረሰባት። ያመጣቸው ባጃጅ ውጭ ቆሟል።

"ስንት ካርድ ነው የፈረምከው?"

"ሮሐ፣ እዚህ አይሆንም። ቤት እንነጋገራለን።"

"ስንት?"

"አልቆጠርኩም። መቶ፣ መቶ ሃምሳ ይሆናል።" ዙሪያውን አየ። "ክትባቱ እንደልብ አይገኝም። ቢገኝም መብራት ሲጠፋ ይበላሻል። እዚህ ግቢ ታጥሮ ያደገ ቡችላ ደግሞ ከየት አምጥቶ ይታመማል?"

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ዕቃ ፈልገው ካገኙ በኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። በዚያ ሳምንት በእውቀቱ ዴራ አካባቢ ከብት ሊያክም ሄዶ ውሻ የነከሰው ገበሬ ሲሞት አይቶ ነበር። ሰውዬው ውኃ ጠምቶት ውኃ ሲያይ ጉሮሮው እንዴት እንደሚዘጋ፣ የገዛ ልጆቹ በገመድ እንዴት እንዳሰሩት እየነገራት አለቀሰ። ሮሐ ላግባው ብላ የቆረጠችው ያን ቀን ነው።

"ዴራ ያየኸው ሰውዬ፣" አለችው፣ "የነከሰው ውሻ ካርድ ነበረው?"

በእውቀቱ የአልኮል ጠርሙሱን እንደገና አወጣ። ሮሐ ጣቶቹን አየቻቸው፤ ጥፍሮቹ በሥርዓት ተቆርጠው ንጹሕ ናቸው። በእነዚህ ጣቶች ስንት ጊዜ አጉርሷታል።

"ለእኔ ብቻ ብዬ አይደለም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያደረግሽው ጫማ ከየት የመጣ መሰለሽ? የሠርጉ አዳራሽስ?"

ሮሐ እግሯን አየች። ጫማው የተራራ ጫማ ነው፣ ለልደቷ የሰጣት። ለጓደኞቿ ሁሉ አሳይታዋለች። ባዶ እግሯን መሆን ተመኘች፤ መሬቱ ግን የውሻ ዓይነ ምድር ነው።

ወይዘሮ ከበደች ቡችላውን ታቅፈው፣ ካርዱን በሌላው እጃቸው ይዘው ከቢሮው ወጡ። በእውቀቱ ከዛሬ በኋላ አንድም ካርድ እንደማይፈርም፣ ዛሬ ብቻ ዝም ብለው እንዲሄዱ ለመናት። ሮሐ ጥላው ወደ ሴትየዋ ሄደች። ሁሉንም ልትነግራቸው ነበር፤ አፏ ግን አልታዘዝ አላት። የተናገረችው ሌላ ነው።

"እማማ፣ ቡችላውን ያስቀምጡት። ቁስልዎን ልሷል፤ መታጠብ አለበት።"

ወይዘሮ ከበደች ይቺ ምን ነካት ብለው ሳቁ። ሮሐ ግን ቡችላውን ተቀብላ ለሊበን ሰጠችው። ሳሙና ጠየቀች፤ በግቢው ሁሉ አንድ ሳሙና አልተገኘም። ከመንገዱ ማዶ ካለች ሱቅ ገዝታ፣ ከቧንቧው ሥር የሴትየዋን ጣት በሳሙና ለረጅም ጊዜ አጠበች። ከዚያ ቁስሉን ጤና ጣቢያ ይታዩት ብላ ባጃጁ ውስጥ አስገባቻቸውና አብራቸው ተቀመጠች። በእውቀቱ ሊገባ ሲል ቦርሳዋን ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጠች። ባጃጁ ሄደ።

አሰላ ጤና ጣቢያ ተራ ሲጠብቁ ወይዘሮ ከበደች ስለ ልጅ ልጆቻቸው አጫወቷት። ትንሹ ውሻ ሲያይ ይሮጥና አንገቱን ያቅፈዋል፤ ቡችላው ቤት ቢገባ ከአልጋ ላይ የሚያወርደው አይኖርም አሉ። ስልኳ አሥር ጊዜ ያህል ጠራ። ከዚያ መልእክት መጣ። "ሥራዬን ነው የምታሳጪኝ። አደራሽን" ይላል።

ፈይሩዛ የምትባለው ነርስ ቁስሉን አየች። የውሻው ካርድ እንዳለ ጠየቀችና ከወይዘሮ ከበደች ተቀብላ አገላበጠችው። ፊቷ ተፈታ።

"ቡችላው ተከትቧል እኮ። ሐኪም ፈርሞበታል። ደግሞ በደንብ ታጥበዋል። አይስጉ እማማ፣ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ።"

ወይዘሮ ከበደች ተመስገን ብለው ከወንበሩ ተነሱ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። የሳጉሬ ሚኒባስ ሳይሞላ ልድረስ አሉና ለድካሟ ሮሐን መረቋት። ፈይሩዛ የሚቀጥለውን ተረኛ ለመጥራት ወደ በሩ ቀና አለች።

"ካርዱ ውሸት ነው" አለች ሮሐ።

ነርሷ ዞረች። ወይዘሮ ከበደችም ቆሙ።

"ምን ማለትሽ ነው? ማኅተም አለው እኮ።"

"ባዶውን ተፈርሞ የተሰጠ ነው። ቡችላው አልተከተበም። ከመቶ በላይ እንደዚህ ያለ ካርድ አለ፤ ብዙዎቹ ውሾች ተሸጠዋል፣ ሰው ቤት ናቸው።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

"የፈረመውን ሰው አውቀዋለሁ።"

ወይዘሮ ከበደች ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡና ጣታቸውን አዩት። ፈይሩዛ ካርዱን ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርጋ ፊርማውን ለማንበብ ሞከረች፤ ሊነበብላት አልቻለም። ወንበሯን ወደ ሴትየዋ አስጠግታ ክንዳቸውን እንዲገልጡ ነገረቻቸው፤ ክትባቱን ዛሬውኑ ይጀምራሉ። ቀጥላ አንድ ቅጽ አወጣችና ብዕሯን አነሳች። ለሚመለከተው ክፍል ማሳወቅ እንዳለባት፣ ማን እንደፈረመ ካልታወቀ ግን ሌሎቹን ውሾች ማግኘት እንደማይቻል ተናገረች። ስሙን የማታውቂው ከሆነ ያልታወቀ ሰው ብዬ እጽፋለሁ አለቻት።

ሮሐ ስልኳን አጠፋችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ጻፊ" አለቻት። "በእውቀቱ እንደሻው። ሁለት መድኃኒት ቤት አለው፤ አንዱ እዚህ አንዱ ሲሬ። ስልኩንም ልስጥሽ።"

ቁጥሩን ሳትሳሳት በቃሏ ነገረቻት።