ያልጠፋችው መብራት

ኢላይቲያ የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጫነ። ስፒናው ላይ ያለችው ቀይ መብራት መጥፋት ነበረባት፤ አልጠፋችም። ደግሞ ተጫነ። መብራቷ ፍጥጥ ብላ ቀረች።

በደሴቲቱ ከተማ በሱቫ ዝናቡ እንደ ጉድ ወርዶ፣ ከማእድ ቤቱ ጀርባ ያለው የፍሳሽ ጉድጓድ ገንፍሎ ግቢው ባሕር ሆኗል። የእናቱ ወንድም የዋይሳሌ ታላቅ ወንድም ሞቶ አስከሬኑ ሊመጣ ነው፤ የገጠሩ ዘመድ ለለቅሶው ምንጣፉንና የሚቀቀለውን የካሳቫ ሥር ተሸክሞ መንገድ ላይ ነው። ሴቶቹ በዚያ ግማት መሀል ድስት የሚጥዱበት አጥተዋል።

ኢላይቲያ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የአጎቱን የቱቦ መጥረጊያ ማሽን ከጉድጓዱ አፍ ክንድ ያህል አርቆ ተክሎ፣ ቱቦው ውስጥ እየተሽከረከረ የሚገባውን የብረት ገመድ በቆዳ ጓንቱ እየዳበሰ መርምሮታል። አልተጣመመም፣ አልተሰነጠቀም። ማሽኑን የሚያስነሳው የእግር ፔዳልም ደህና ነው። የተበላሸው ስፒናው ላይ ያለው መጠበቂያ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሰው ሲይዝ መስመሩን የሚቆርጠው።

"ምን ይገትርሃል?" አለው የአጎቱ ልጅ ኪቲዮኔ፣ በባዶ እግሩ ውሃው ውስጥ እየተንቦጫረቀ። "ልታገባው ነው እንዴ እንዲህ የምትዳብሰው?"

ሴቶቹ ሳቁ። ሁለቱ የአክስትና የአጎት ልጆች ስለሆኑ ሲሰዳደቡ ነው ያደጉት፤ መቀየም ነውር ነው።

"መጠበቂያው አይሠራም። ባለፈው ስትሠራበት ምንም አልተሰማህም?"

"ትንሽ ነዘረኝ። የሚስቴ ቁንጥጫ ይብሳል!" ኪቲዮኔ ክንዱን አሻሸ። "እስከ ትከሻዬ ወጣና ለቀቀኝ።"

ኢላይቲያ ፈራ። ያኔ መሬቱ ደረቅ ነበር።

ዋይሳሌ ከበረንዳው ወረዱ። "ጨርሱ እንጂ! ወንድሜን በግማት ልቀበለው?"

ታላቅን ቆመው አያናግሩምና ኢላይቲያ ቁጢጥ አለ። "አጎቴ፣ ይህ ማሽን ሰው ይገድላል። ሌላ ተውሼ ልምጣ።"

"መኪናው ከሆስፒታል ወጥቷል እኮ! አንተ ካልደፈርክ ልጄ ይሠራዋል።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ አጎቴ።"

"እኔን ትመክረኛለህ?"

ሴቶቹ ድስታቸውን አንሥተው ፈቀቅ አሉ። ኪቲዮኔ የብረት ገመዱን በባዶ እጁ ጨበጠ። "አንተ ጸልይልኝ" አለና እግሩን ወደ ፔዳሉ ሰደደ።

ኢላይቲያ ዘሎ ስፒናውን ነቀለው።

"ሰካው!" ዋይሳሌ ጮኹ።

እሱ ዘወር እንዳለ እንደሚሰኩት ያውቃል። በአገሩ ወግ የእህት ልጅ ከእናቱ ወንድም ንብረት የወደደውን ቢወስድ አጎት እምቢ አይልም። ሌሎች አሳማ ወስደዋል፣ ጀልባ ወስደዋል። ኢላይቲያ ግን ይሉኝታ ይዞት አንዲት ዶሮ እንኳ ጠይቆ አያውቅም። በሐዘን ቀን፣ ከሐዘንተኛ እጅ መውሰድማ ዕድሜ ልክ የሚያሳማ ነው።

እጁን ማሽኑ ላይ አሳረፈ። "አጎቴ፣ ይህን ወስጄዋለሁ።"

"ዛሬ? በወንድሜ ቀን?"

"ዛሬ።"

ኪቲዮኔ ቀልድ መስሎት መሣቅ ጀመረ፤ የአባቱን ፊት ሲያይ ተወው። ዋይሳሌ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ቤት ገቡ። ኢላይቲያ በፒንሳ ሽቦውን ከሥሩ ቆርጦ ስፒናውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ባልዲ አንሥቶ የገማውን ውሃ እየቀዳ ከግቢው ውጭ ይደፋ ጀመር። ኪቲዮኔ እንኳ አላገዘውም።