ለጋሼ የገጠምኩት ሞላ

ጋሼ ሞተሩን እየገፋ በጋራዤ በር ሲገባ እኔ ወገቤን ይዞኝ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ሦስተኛ መምጣቱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሳየው ደስ አላለኝም። ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፣ ሞተር መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። ግን መካኒክ ለሦስተኛ ጊዜ የተመለሰ ሞተር ሲያይ፣ የወንድሙም ቢሆን ያስጠላዋል።

«ፍሪሲዮኑ ነው» አለኝ። ሰላም እንኳ አላለኝም።

«እሱንማ መች አጣሁት። አሁን ደግሞ ምን ሆነ?»

«ዳገቱ ላይ ቆመብኝ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሄድም።»

ጋሼ ከየጤና ጣቢያው የደም ናሙና እየሰበሰበ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ያደርሳል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላው በረዶ ያለበት ሳጥን አስሮ ሲከንፍ ኖሯል። ትናንት ዳገቱ ወገብ ላይ ቆሞ ፀሐይ ሲመታው በረዶው ቀለጠ፣ የአሥራ አንድ ሰው ደም ተበላሸ።

«አሥራ አንድ ሰው ዛሬ እንደገና ሊወጋ ነው» አለኝ። «አንዷ ልጅ ናት። ስትወጋ እንዴት እንዳለቀሰች እኔ አይቻለሁ።»

ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከሚሠራበት ቢሮ የተሰጠው ነው። «የብልሽቱ መንስኤ» የሚል መስመር አለው፣ ከሥሩ የመካኒኩ ፊርማ። እስከ ነገ ጠዋት ተሞልቶ መመለስ አለበት። ጥፋቱ የነጂው ነው ከተባለ ሞተሩን ነጥቀው በር ጥበቃ ላይ ያስቀምጡታል።

«በዚህ ዕድሜዬ በር ላይ ተጎልቼ የገባ የወጣውን ስም ልመዝግብ?» አለኝ።

መጀመሪያ የመጣ ጊዜ «የፍሪሲዮኑ እጀታ ጠነከረብኝ» ብሎኝ እጀታው የሚስበውን ካቦ ቀየርኩለት። አሮጌው ካቦ ምንም አልነበረውም፣ ግን ጋሼ ጠነከረ ካለ ጠንክሯል አልኩ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ምሳ ሰዓት ነበር፣ እርቦኛል፣ አንድ ሞተር ደግሞ ተበትኖ መሬት ላይ ተዘርግቶብኛል። እጀታውን በሁለት ጣቴ ሳብኩት። ደህና ነው። «ምንም የለውም ጋሼ» አልኩት። አልሄደም። ቆብ በእጁ ይዞ ቆመና «እስቲ ለእኔ ስትል» አለኝ።

አንጀቴን በላኝ። ለእኔ ስትል ብሎኝ አያውቅም። ለእሱ ስል ማድረግ የነበረብኝን ሁሉ ሳይጠይቀኝ ነው የኖረው። የሞተሩን ጎን ከፈትኩና አራቱን የፍሪሲዮን ሞላዎች አውጥቼ፣ ከትንሽ ሞተር የተፈቱ ለስላሳ ሞላዎች ገጠምኩለት። እጀታው ወዲያው ቀለለ። ጋሼ ሳቀ፣ ግንባሬን ሳመኝ፣ «እጅህ ይባረክ» አለኝ። ሜዳ ላይ ይበቃዋል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። መንገዱ ዳገት እንዳለው እያወቅሁ ነው እንግዲህ።

አሁን ያ ሁሉ ትዝ ቢለኝም ሳላይ መፍረድ ልማዴ አይደለም። ሞተሩን አስነሳሁ። የፊት ጎማውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ፣ ፍሬን ያዝኩ፣ አራተኛ ማርሽ አስገብቼ እጀታውን ቀስ ብዬ ለቀቅሁ። ፍሪሲዮኑ ጤነኛ ቢሆን ሞተሩ ቀጥ ብሎ መጥፋት ነበረበት። ይሄኛው ደንገጥ እንኳ አላለም፣ መጮኹን ቀጠለ።

«አየህ?» አለ ጋሼ፣ ልክ እኔ ክጄው የነበረ ይመስል።

ዘይቱን አወረድኩ። ያረረ ይሸታል። ጎኑን ስከፍተው የፍሪሲዮኑ ሸራዎች ጠቁረዋል፣ በመካከላቸው ያሉት ብረቶች ከሙቀት ብዛት ሰማያዊ ሆነዋል። አራቱ ሞላዎቼም እዚያው ቁጭ ብለዋል፣ ሸራውን አጥብቀው መያዝ አቅቷቸው ሲያንሸራትቱት ነው የከረሙት።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት። ምን እንዳደረግሁ ነገርኩት። ሲቆጣኝ ለመስማት አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። አልተቆጣም።

«እጀታው ቀሎልኝ ነበር ግን» አለ።

ይሄ ነገር ከነከነኝ። እኔ በሁለት ጣት የሳብኩት እጀታ እሱ ላይ የሚጠነክረው ለምንድን ነው? ግድግዳው ጥግ የአንዲት መምህር ደንበኛዬ ሞተር ቆሟል። መምህሯ ቅጥነቷ ነፋስ የሚወስዳት ዓይነት ሴት ናት፣ በየቀኑ ትነዳዋለች፣ አንድም ቀን ጠነከረኝ ብላ አታውቅም።

«እስቲ የዚያን ፍሪሲዮን ሳብልኝ» አልኩት።

ሄዶ ያዘው። ትከሻው ወደ ላይ ወጣ፣ ከንፈሩን ነከሰ፣ እጀታው ግማሽ ድረስ መጥቶ ቆመ።

«ይሄም ጠንክሯል» አለኝ።

«ጋሼ፣ ይሄኮ የመምህሯ ነው።»

ግራ እጁን ተቀብዬ ወደ በሩ ብርሃን አወጣሁት። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለው ሥጋ ሟሽሾ ጎድጉዷል። በዚህ እጅ ጆሮዬ ስንት ጊዜ እንደተጠመዘዘ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ጨብጠኝ።»

«ያዝኩህ እኮ።»

«አጥብቀህ።»

«ባለኝ ሁሉ ነው የያዝኩህ» አለኝ።

ከክረምቱ ጀምሮ ነው አለ። መጀመሪያ ትንሿ ጣቱ ደነዘዘች፣ ከዚያ ቀጣይዋ። አሁን የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት ሚስቱ ናት። ሐኪም ዘንድ ለምን አልሄድክም አልኩት። ሐኪሙ የሚጽፈውን ቢሮው ያነበዋል አለኝ።

«እና ሞተሩ ነው እያልክ ስታስፈታታኝ ከረምክ?»

«ሞተሩ ነው ብዬኮ ነው። እውነቴን ነው። አንተ ስታለሰልሰው ጊዜማ ተሻለኝ ብዬ ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እነዚያኑ ለስላሶቹን መልሰህ ግጠምልኝ። ዳገቱን ትቼ በታች ዞሬ እሄዳለሁ።»

ደሜ ፈላ። በእሱ ይሁን በራሴ አላውቅም። «አሥራ አንድ ሰው አላልከኝም?» አልኩት። «ደግሞ መኪና መሀል ማርሽ አልወጣ ቢልህስ? ሚስትህን ምን ልላት ነው?» በሕይወቴ እሱ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። ወዲያው ደከመኝ፣ በርጩማው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። «መካኒኩ ለዚህ ሞተር የማይሆን ለስላሳ ሞላ ስለገጠመ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሏል። ነጂው ጥፋት የለበትም።» ፈረምኩና ሰጠሁት። የቢሮው ሞተሮች ሁሉ የሚጠገኑት እኔ ጋ ነው።

ወረቀቱን አርቆ ይዞ አነበበው። «ሁለተኛ ሞተር አይሰጡህም» አለኝ።

«አይስጡኝ። ውሸት አልጻፍኩም።»

«ስለ እጄስ?»

«ስለ እጅህ አልጠየቁኝም። የእጅህን ነገር አንተ ታውቃለህ።»

ከዚያ አዲስ ሸራዎች ዘይት ውስጥ ነከርኩ፣ ብረቶቹን ቀየርኩ። የራሱን ሞላዎች ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጬያቸው ስለነበር አውጥቼ ጠረግሁና በየቦታቸው መለስኳቸው። ጋሼ በቀኝ እጁ መብራት ያዘልኝ። ስጨርስ ፀሐይዋ በሩን አልፋ የወለሉን ዘይት ታሳየን ነበር። ግድግዳው ላይ አስደግፌ ሞከርኩት፣ እጀታውን ስለቅ ሞተሩ ቀጥ አለ።

«በል ሞክረው» አልኩት። ያኔ ልቤ ምን እየለመነ እንደነበር አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል። እንዲቀለው ነበር የምለምነው።

ወጥቶ ተቀመጠ። በግራ እጁ ሳበ። አልመጣም። ጣቶቹን አስተካክሎ እንደገና ሳበ። ከዚያ ቀኝ እጁን ከነዳጅ መስጫው ላይ አነሳና በሁለት እጁ ሲጎትተው እጀታው ገባለት። እንደዚያው ይዞት ትንሽ ቆየ። በሁለት እጅ ፍሪሲዮን የያዘ ሰው ነዳጅ የሚሰጥበት እጅ የለውም፣ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«ጥሩ ሠርተኸዋል» አለኝ። «ልክ እንደ ድሮው ነው።»

እጀታውን ለቀቀ። ይወርዳል ስል መቀመጫው ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ ሳጥኑ ይታሰርበት ወደነበረው ቦታ።

«ና ንዳ» አለኝ።

እጄን በጨርቅ ጠርጌ ከፊቱ ተቀመጥኩ። ግራ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ጣቶቹ ሊይዙኝ ሲሞክሩ ይሰማኛል፣ ግን አልያዙኝም። እንባዬ መጣ፣ ደግነቱ ከኋላዬ ነው፣ አያየኝም።

«ወዴት ነው ጋሼ፣ ቢሮ?»

«መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ። ቢሮው የትም አይሄድም።»

ሞተሩን አስነሳሁ፣ አንደኛ አስገባሁ።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ» አለኝ ከኋላ፣ በአሥራ አራት ዓመቴ ሲያስተምረኝ ይለኝ እንደነበረው።

«እሺ ጋሼ» አልኩና ቀስ ብዬ ለቀቅሁ።