ከሁለተኛው አንቀጽ በኋላ

«ሰባት ነው» አለ የመዘምራን አሠልጣኙ። የሻይ ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጠና በጣቱ ጉልበቱን እየነካ ቆጠረ። «ሁለተኛው አንቀጽ ያልቃል። ዝም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ እስከ ሰባት። ከዚያ ሦስተኛው ይገባል። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ነው ያስተማርኩት።»

«ስድስት ነው» አሉ በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሽማግሌ። ከወንዝ ማዶ ካለው ጉባኤ ለለቅሶ የመጡ ናቸው። «ካሴቱ ከእናንተ በፊት እኛ ጋ ነው የደረሰው። ስድስት ነው።»

«ቴፓችሁ ይፈጥን ይሆናል።»

«ወይም የእናንተ ደክሞት ይሆናል።»

ከወዲያ ጥግ የሟች እኅት ቀና አለች። ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቢቀራትም ጆሮዋ አልደከመም፤ ምላሷማ ከነጭራሹ። «ወንድሜን ከቀበርነው ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው» አለች። «ስለ ዝምታ ይህን ያህል የሚጮህ ሰው ግን በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።»

ለቅሶ ደራሹ ሳቁን በመዳፉ ሸፈነ። አሠልጣኙም ፈገግ አለና ብርጭቆውን አነሳ፤ ነገሩን ግን አልተወውም። ባዶ ብርጭቆ ትሰበስብ ወደነበረችው የሟች ልጅ ዞረ።

«እኅቴ፣ ዋናው ካሴት እዚህ ቤት ይኖራል። ከእሱ ነው ሁሉም የተገለበጠው። ነገ በመታሰቢያው ላይ ብናሰማው ለጉባኤው በረከት ነው፤ ክርክሩም ያበቃል።»

«እዚህ የለም» አለች።

ዕቃውን ይዛ ወጣች። አክስቷ በዓይኗ ተከተለቻት።

ልጅቱ ልጅ የምትባለው በአባቷ በኩል ብቻ ነው እንጂ ሃምሳን አልፋለች። ነርስ ናት። የብዙ ሰው ትርታ ቆጥራለች፤ የአባቷንም የመጨረሻውን ትርታ የቆጠረችው እሷ ናት። ያንን ዝምታም ቆጥራዋለች። ገና ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ ደረቷ ላይ በምታንጠለጥላት ሰዓት፣ በሯን ዘግታ። ሰባት ሰከንድ ነው። አሠልጣኙ ልክ ነበር፤ ግን ልክ ነህ ልትለው አልፈለገችም።

አባቷ አርባ ዓመት የዞረ ዘማሪ ነበር። ከእሱ ጋር የሚዞሩት አኮርዲዮኑ፣ የቀረጻ ማሽኑና አንድ ቡናማ ሻንጣ ነበሩ። የሆነ ቦታ አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት በመነቃቃቱ ዘመን የተዘመረ፣ በመጽሐፍ ያልገባ መዝሙር ታውቃለች ሲሉት ከሰማ፣ የያዘውን ምሳ ትቶ ይነሳል። ሲደርስ ወዲያው ማሽኑን አይከፍትም። «መጀመሪያ ለጌታ፣ ቀጥሎ ለማሽኑ» ይላቸዋል፤ ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ እንዲሁ ይዘምሩለታል፤ ሁለተኛውን ይቀርጻል። ከዚያ ቤቱ ተመልሶ ራሱ ይዘምረዋል፤ ካሴቱ ከእጅ እጅ እየተገለበጠ እሱ ያልረገጠው አገር ድረስ ይሄዳል። ሁልጊዜ ቆሞ ነበር የሚዘምረው። «መንገደኛ ተቀምጦ አይዘምርም» ይል ነበር። በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት እግሩ ከድቶት ልጁ ቤት ሲተኛ እንኳ፣ መዝሙር ከመጣበት የአልጋውን ብረት ይዞ ይነሳ ነበር፤ እሷም ይወድቅብኛል ብላ እየሮጠች ትገባለች።

ከመዝሙሮቹ ሁሉ የታወቀው ስለ መንገደኛው የሚለው ነው። አራት አንቀጽ አለው። ሁለተኛው ሲያልቅ ድምፁም አኮርዲዮኑም ድንገት ቀጥ ይላሉ። ከዝምታው በኋላ ሦስተኛው ይመጣል፤ ያለ መሣሪያ፣ በዝቅታ፣ እንጨት እንደሚነካ ነገር ከሥር ቶክ ቶክ እያለ። ስለዚህ ምን ያልተባለ አለ! ዘማሪው መንፈስ ከበደባቸው ተባለ። መሣሪያቸውን በጌታ ፊት አስቀምጠው ተንበረከኩ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለው ለዚህ ነው ተባለ። ቶክ ቶክ የሚለው ወለሉን በእጃቸው ሲመቱ ነው ተባለ። በየአዳራሹ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ መንበርከክ ጀመረ። አሠልጣኙም መዘምራኑ አግዳሚውን በጣታቸው እንዲመቱ ያስተምራቸዋል፤ አንድ ነገር ብቻ እምቢ ብሎታል። ካሴቱ ላይ ምቱ ከዜማው ትንሽ ይዘገያል። ሆን ብለው ሊያዘገዩት ሲሞክሩ ደግሞ አይሆንላቸውም።

እሷ ግን ዝምታው ምን እንደነበር ታውቃለች። የእሷ ድምፅ የነበረበት ቦታ ነው።

ስድስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሥራ ውላለች። ለቀረጻው ተብሎ መኝታ ቤቱ መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፤ የግድግዳው ሰዓት እንዳይሰማ ቆሟል። ሻንጣው ከጠዋት ጀምሮ በሩ ጀርባ ተቀምጧል፤ ሻንጣው እዚያ ከተቀመጠ ምን እንደሚከተል ለማወቅ ስድስት ዓመት ይበቃል። መተላለፊያው ላይ ቆማ አባቷ ሁለት አንቀጽ ሲዘምር ሰማች። ከዚያ በሩን ገፋች። «አባዬ፣ ነገም ትሄዳለህ?» አለች። የማሽኑን ቀይ መብራት ታስታውሳለች፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደረገውን ቀራጭም ታስታውሳለች። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ቀጥሎ የምታስታውሰው ጠዋቱን ነው፤ በሩ ጀርባ ሻንጣው አልነበረም። ለአራት ወር አልተመለሰም።

ምንም አልመለሰላትም። በጥያቄዋ ቦታ ዝምታ ተደረገ፤ አገር ሙሉ ደግሞ ተንበረከከለት። በሦስቱ ዓመት አብሮነታቸው ስለ መድኃኒቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ አውርተዋል። ስለዚያ ቀን ግን አንዴም አላነሳችበትም። አንዴ ጠይቄያለሁ፣ ሁለተኛ አልጠይቅም የምትል ሰው ናት፤ እልኳን የወረሰችው ከአክስቷ ነው ይላሉ።

ከሰዓት በኋላ በጓሮ ብርጭቆ ስታጥብ ሽቦ መጣ። ሽቦ የሚሉት ያን ቀን ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደረገው ቀራጭ ነው፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፣ ስሙ ከሥራውም ከቁመናውም የመጣ ነው። አሁን ሽቦው ጎብጧል። ከቧንቧው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ሲከራከሩ ሰማሁ» አላት። «ሰባት፣ ስድስት።»

«አንተስ ስንት ትላለህ፣ ጋሼ?»

«እኔማ ምን እላለሁ። መነጽሬን ስፈልግ የሄደ ጊዜ ነው።»

እጆቿ ሳሙናው ውስጥ እንዳሉ ቀሩ።

«ልጅ በመሃል ስታወራ ሰው እንዳይሰማ ብዬ፣ ስገለብጠው ያንቺን ቦታ ዘለልኩት» አለ ሽቦ። «ድንገት እንዳይሆን ትንሽ ባዶ ላስኪድ ብዬ ነበር። መነጽሬ ከጠረጴዛው ሥር ገባ። ፈልጌ እስካገኘው ካሴቱ ይዞራል። በኋላ ሰዉ ሲንበረከክበት ሳይ ምን ብዬ ልናገር? ሆድ ይፍጀው አልኩ።»

ሳቋ አመለጣት። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው፤ ግን አልቆየላትም።

«እሱስ? በየአዳራሹ ሲዘምር እሱም እኮ እዚያ ጋ ዝም ይል ነበር። መነጽር አልጠፋበትም።»

«ጠይቄዋለሁ። ሰዉ ስለለመደው ነው ወይ አልኩት። ‹አይደለም፣ እዚያ ጋ ተራው የልጄ ነው› አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ታውቂው የለ።»

ነርሷ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ጠየቅኩት፣ ዝም አለኝ» አለች። ለሰው ስትናገረው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። «በማግስቱ ሄደ። አራት ወር። ይህን ነው እየተንበረከካችሁ የምትዘምሩት።»

ሽቦ ቀና ብሎ አያት። «ዝም አለ ያለሽ ማን ነው?»

«እኔ ነበርኩ እኮ።»

«ነበርሽ፣ ግን ስድስት ዓመትሽ ነበር።» ከኮቱ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ልጄ። ዋናው ይሄ ነው። ለጉባኤው መስጠትም ማቃጠልም ያንቺ ፋንታ ነው። ብቻ መጀመሪያ ስሚው።»

ያን ቀን አልሰማችውም። ለቅሶ ደራሽ በዝቷል አለች ለራሷ፤ እውነቱ ግን ፈርታ ነው። ካሴቱ ውስጥም ዝምታ ካለ፣ ከእንግዲህ የምትቆጣውም ይቅር የምትለውም ሰው የለም። ካሴቱን በመሐረቡ እንዳለ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ ጋዋኑ በር ላይ ተንጠልጥሎ አደረ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ ወጥ ቤት ገባች። ጀርባቸው ላይ የጸሎት ቤቱ ቁጥር ከተጻፈባቸው የውሰት ወንበሮች አንዱን ስባ ተቀመጠችና አሮጌውን ቴፕ ከፈተች።

አኮርዲዮኑ ገባ። የአባቷ ድምፅ ወጣት ነበር፤ አሁን አብረዋት ከሚሠሩት ሐኪሞች ይልቅ ወጣት። አንደኛው አንቀጽ አለቀ፣ ሁለተኛው አለቀ። በር ሲጥጥ አለ።

«አባዬ፣ ነገም ትሄዳለህ?»

የራሷን ድምፅ አላወቀችውም። የማንኛዋም ልጅ ድምፅ ሊሆን ይችላል።

«ኧረ ይቺን ልጅ አንድ...» ይህ ሽቦ ነው።

«ተዋት።»

አኮርዲዮኑ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ተነፈሰ። ወንበር ተጎተተ። ከዚያ ዝም። ነርሷ ሳታስበው መቁጠር ጀመረች፤ ሦስት ላይ አባቷ ተናገረ።

«እሄዳለሁ። ነገ እሄዳለሁ። አሁን ግን አለሁ። ነይ፣ ጭኔ ላይ ውጪ።»

«እዚህ?»

«አዎ፣ እዚሁ። ክርንሽ ይዋጋል፤ እንዲህ ዙሪ። በይ አሁን ልጨርስበት፣ እሺ?»

«እሺ።»

እና ዘመረ። ያለ መሣሪያ፣ እጆቹ ስለተያዙ። በዝቅታ፣ አናቷ አገጩ ሥር ስለነበረ። ቆሞ ብቻ የሚዘምረው ሰው ተቀምጦ፣ መንገዱ ቢረዝም ቤቱ አይርቅም የሚለውን አንቀጽ ከዳር እስከ ዳር ዘመረው። ከሥር የወንበሩ እግር ቶክ ቶክ ይላል። ወለል የማይደርስ የስድስት ዓመት ልጅ ተረከዝ ነበር፤ ዜማውን እየሰማች ስለምትከተል ሁልጊዜ ትንሽ ትዘገያለች።

ነርሷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ተቆጥታም ነበር፤ ነገ እሄዳለሁ ብሏት ሄዷል፣ አራቱ ወር አራት ወር ነው። ግን መልሶላታል። የፈራችውን ነገር ፊት ለፊት ነግሯት እቅፉ ላይ አውጥቷታል፤ እሷ ሻንጣውን አስታውሳ እቅፉን ረሳችው። በሦስቱ ዓመት አንድ ጊዜ ብትጠይቀው ኖሮ።

አክስቷ በሩ ላይ መቆሟን ያወቀችው ዘግይታ ነው።

«ሰማሽ?» አለቻት ነርሷ።

«አልሰማሁም። ሲያሻኝ ደንቆሮ ነኝ» አለች አክስቷ፤ ጎንበስ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችላት። «ተነሺ፣ ታጠቢ። ሰው እየመጣ ነው።»

ከሰዓት በኋላ የጸሎት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። አሠልጣኙ ከመዘምራኑ ፊት ተነስቶ ወደ እሷ መጣ። «ተገኘ የሚል ወሬ ሰማሁ፣ እኅቴ።»

«ተገኝቷል። ግን አላሰማውም።»

ፊቱ ወደቀ። «ቁጥሩን ብቻ ንገሪን። ሰባት ነው አይደል?»

ለአፍታ ስለ መነጽሩ ልትነግረው ከጅሏት ነበር። ሁለት ወንበር አለፍ ብሎ ሽቦ ጫማውን ያያል። «እንደለመዳችሁ ዘምሩ» አለችው። «እሱም እንደለመዳችሁት ነው የዘመረው።»

መዝሙሩ ተጀመረ። ሰዉ ቆመ፤ ሁለቱን አንቀጾች ጣሪያው እስኪሰማው ዘመሩ። ከዚያ ጸጥታ ወረደ። ጉልበቱ የሚችል ተንበረከከ። ስድስት ላይ ከወንዝ ማዶ የመጡት ሽማግሌ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዙሪያቸውን አዩና፣ ለሐዘንተኛዋ ክብር ሲሉ፣ መልሰው ዘጉት። ሰባት።

ሦስተኛው አንቀጽ በዝቅታ ገባ። መዘምራኑ እንደተማሩት አግዳሚውን በጣታቸው መቱ፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም በጊዜው። ነርሷ አልቆመችም፣ አልተንበረከከችም። ቀኝ እግሯን ከጫማዋ አወጣችና ከወለሉ ትንሽ አነሳችው። ተረከዟን ከወንበሩ እግር ጋር አነካካችው፤ አንዴ፣ ደግማ፣ ከሁሉም ትንሽ ዘግየት እያለች፣ አንቀጹ እስኪያልቅ።